ሰባተኛው ክር ለምን ይድበሰበሳል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም

 

ጊታር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አገር ቤት የምሽት ክበቦች፣ ወደ ሮሃ ባንድና ወደ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ይነጉዳል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ወደዚያ አይወስደንም። ልጆቻችን ምድር ቤት ወርደው፣ በር ዘግተው፣ የጎረቤት ግድግዳ ስለሚያስነቀንቁበት ባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ነገሩንም ያነሣነው ወደን ሳይሆን ተጠይቀን ነው።

ጠያቂው አንድ አባት ናቸው። የ19 ዓመት ልጃቸው ቅዳሜና እሑድ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ባለ ሰባት ክር ጊታር ገዛ። ስድስት ወር ሳይሞላው «ፒክአፑ መጥፎ ነው፤ ወፍራሙ ክር ይድበሰበሳል፤ ሁለቱም ይቀየሩልኝ» ማለት ጀመረ። ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 300 ዶላር ይጠጋል። «ይኸ ገንዘብ» ይላሉ አባት፣ «አገር ቤት ላሉት እናቴ የምልከው የሁለት ወር ተቈራጭ ነው። ለመሆኑ ልጁ እውነቱን ነው ወይስ ማስታወቂያ ያመጣበት አምሮት? ብከለክለው አኩርፎ ይከርማል፤ ብፈቅድለት ደግሞ በሚመጣው ዓመት ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ ስላልመሰለን መልሱን በአደባባይ መስጠት መርጠናል። አጭሩ መልስ ይኸ ነው፦ ልጅዎ ያልሰማውን ሰማሁ አላለም። የወፍራሙ ክር መድበስበስ በባለ ሰባት ክር ጊታር ላይ የታወቀ ችግር ነው። ነገር ግን ጥፋተኛው ፒክአፑ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት ቤት የሚሮጥማ ገንዘቡንም ጤናውንም ያጣል። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው እንጀምር።

ሰባተኛው ክር ከየት መጣ?

መደበኛው ጊታር ስድስት ክር አለው። ሰባተኛ መጨመር ግን የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ጆርጅ ቫን ኤፕስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ባለ ሰባት ክር ጊታር አሠርቶ ባሱንም ዜማውንም ብቻውን ይጫወት ነበር። በከባዱ ሮክ መንደር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓኑ አይባኔዝ ኩባንያ ከስቲቭ ቫይ ጋር ሆኖ «ዩኒቨርስ» የተባለውን ጊታር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። በ1994 ደግሞ የካሊፎርኒያዎቹ ኮርን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ባለ ሰባት ክር ጊታራቸውን በሙሉ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገው ቃኙት። ያን የሰማ ብዙ ወጣት ስድስቱ ክር አነሰው።

ሰባተኛው ክር በተለመደው ቅኝት «ቢ» ይባላል። በሰከንድ 62 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የባለ ስድስቱ ጊታር ወፍራም ክር «ኢ» ግን 82 ጊዜ ነው። ቁጥሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በየግድግዳችን የሚያልፈው የመብራት ኃይል በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ አውሮፓ ላላችሁ 50 ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመብራት መሥመር የሚመጣው «እምምም» የሚል ጉርምርምታና የሰባተኛው ክር ድምፅ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ዝቅ ያለ ድምፅ ከጉርምርምታ ጋር ሲቀላቀል፣ በላዩም አምፕሊፋየሩ ሲያጎላው፣ ጆሮ የቱ ክር የቱ መብራት እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

የጊታሩ ጆሮ

ፒክአፕ የጊታሩ ጆሮ ነው። ማግኔት አለው፤ በዙሪያውም ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይጠመጠማል። ብረት የሆነው ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን ጉልበት ያናውጠዋል፤ በሽቦውም ውስጥ ደቃቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ያሰማናል። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ የክሩን ድምፅ ሲለቅም የግድግዳውንም ጉርምርምታ አብሮ ይለቅማል። እ.ኤ.አ. በ1955 በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ማግኔታቸውንና ሽቦአቸውን አገለባብጦ ሲያገናኛቸው ጉርምርምታው እርስ በርሱ ተጣፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን ተደመረ። «ሃምበከር» የሚባለው ይኸው ነው። አብዛኛው ባለ ሰባት ክር ጊታር ሃምበከር የሚገጠምለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ነፃው ሕክምና

ከ300 ዶላሩ በፊት የነፃውና የጥቂት ዶላሩ መፍትሔ ይሞከር።

አንደኛው ክሩ ነው። ያረጀ ወፍራም ክር አይናገርም፣ ያጉተመትማል። አዲስ ክር ይግባለት። ሲገዛም ውፍረቱ ይታይ። በሱቅ የተለመደው የባለ ሰባት ክር ስብስብ ከ10 እስከ 56 የሚለው ነው። ልጁ ጊታሩን ከ«ቢ» በታች ዝቅ አድርጎ የሚቃኝ ከሆነ ግን 56ቱ ስለሚላላ 62 ወይም 64 ያስፈልገዋል። የጊታሩም ርዝመት ዋጋ አለው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ብሪጁ 25 ተኩል ኢንች የሆነ ጊታር ወፍራሙን ክር አያወጥረውም፤ 26 ተኩል ወይም 27 ኢንች የሆነው ይሻላል። የላላ ክር በየትኛውም ፒክአፕ ቢሰማ ያው የላላ ክር ነው።

ሁለተኛው የፒክአፑ ከፍታ ነው። ፒክአፕ ከግራና ከቀኝ በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩ ተጭኖ ሳለ በክሩና በፒክአፑ መካከል ያለው ክፍተት ይለካ። በወፍራሙ በኩል ከ2 ተኩል እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል መነሻ ይሆናል። ብዙ ወጣቶች ድምፁ እንዲጎላ ብለው ፒክአፑን ከክሩ ሥር ይለጥፉታል። ያን ጊዜ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ቅኝቱም ይወላገዳል፤ ወፍራሙም ክር ሌሎቹን ይውጣቸዋል። መድኃኒቱ አንዲት ካቻቢቴ ናት። በወፍራሙ በኩል ግማሽ ዙር ዝቅ፣ መስማት፤ ደግሞ ግማሽ ዙር ዝቅ፣ መስማት። በገና የሚደረድሩ አባቶች በእያንዳንዱ ክር ሥር ያለችውን ቁራጭ ቆዳ በጥቂቱ ገፋ መለስ ሲያደርጉ ያየ ሰው ይኸ አይገርመውም። የፀጉር ያህል ፈቀቅ ማለት ድምፁን ይለውጠዋል።

ሦስተኛው አምፕሊፋየሩ ነው። ብቻውን ቤቱ የሚለማመድ ልጅ ባሱን ሞልቶ ይከፍተዋል፤ ደረት የሚመታው እርሱ ነዋ! ለሰባተኛው ክር ግን ባስ ሲበዛ ጭቃ ይሆንበታል። ባሱ ይቀነስ፤ ማጐርነኛውም ይቀነስ። ከዚያ የማያንስ ሌላ ዘዴ አለ። ከባድ ሮክ የሚጫወቱት ባለሙያዎች ከአምፕሊፋየሩ በፊት እንደ ቲዩብ ስክሪመር ያለ ፔዳል ያስገባሉ፤ የፔዳሉን ማጐርነኛ ወደ ዜሮ አስጠግተው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው። ፔዳሉ ባሱን ከመነሻው ስለሚቆርጠው ወፍራሙ ክር ጠንከርና ጠራ ብሎ ይወጣል። ያገለገለ ፔዳል ከጥንድ ፒክአፕ በብዙ ይረክሳል።

አራተኛው ማጣራት ነው። የልጁ ጊታር በሌላ ሰው አምፕሊፋየር ይሞከር፤ የሌላ ሰው ባለ ሰባት ክር ጊታርም በልጁ አምፕሊፋየር ይሞከር። ድብስብሱ በባዕዱ ጊታርም ከመጣ ጥፋቱ የፒክአፑ አይደለም። ድብስብሱ ከልጁ ጊታር ጋር አብሮ ከዞረ፣ ክሩም አዲስ ከሆነ፣ ከፍታውም ከተስተካከለ፣ ያን ጊዜ ፒክአፑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አባትየው ሥራ አለዎት። «እኔ የዚህን ሙዚቃ ምንነት አላውቅም» እንዳይሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምድር ቤት ይውረዱና ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ። ልጅዎ አንዱን ምት በሁለት ዓይነት ከፍታ፣ በሁለት ዓይነት የባስ መጠን ይጫወትልዎ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ። እርስዎ የሚጠበቅብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድምፆቹ አንድ በአንድ ተለይተው የተሰሙኝ በየትኛው ነው? ክራር ከቅኝት ሲወጣ የሚያውቅ ጆሮ ይኸንንም ያውቃል። የሚጫወተው ልጅ እጁ ስለሚያታልለው የሁለተኛ ሰው ጆሮ ያስፈልገዋል። ፒክአፑ ባይገዛ እንኳ ከልጅዎ ጋር አንድ ከሰዓት መቀመጥ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ስሙን ሳይሆን ሕመሙን

ሁሉም ተሞክሮ ፒክአፑ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ እንበል። ሱቅ ሲኬድ የመጀመሪያው ፈተና «ኃይለኛውን ስጡኝ» ማለት ነው። ለሰባተኛው ክር ኃይልና ጥራት አንድ አይደሉም። የሽቦው ዙር በበዛ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፤ ቀጭኑ ጫፉ ግን ይደነዝዛል፤ መካከሉም ይወፍራል። ድብስብስን በኃይል ለማከም መሞከር እሳትን በቤንዚን ማጥፋት ነው።

በየካርቶኑ ላይ «ኪሎ ኦም» የሚል ቁጥር ይጻፋል። የድሮው ዓይነት ለስላሳ ሃምበከር ከ7 እስከ 9፣ ኃይለኛ የሚባለው ከ13 እስከ 17 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ወጣቶች ይኸን ቁጥር እንደ ፈረስ ጉልበት ያነቡታል። ነገር ግን የሽቦው ውፍረትና የማግኔቱ ዓይነት ከተለያየ እኩል ኪሎ ኦም ያላቸው ሁለት ፒክአፖች ጨርሶ አይመሳሰሉም። ቁጥሩ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ማግኔቱስ? በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አልኒኮ የሚባለው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ከብረት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ሲሆን፣ 2 ቁጥሩ ለስላሳ፣ 5 ቁጥሩ ደግሞ ጠንከርና ጠራ ያለ ነው። ሴራሚክ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ሰብሰብና ሳል አድርጎ ያወጣል። ስለዚህ ልጁ ቅሬታውን በተራ አማርኛ ይናገር። «ወፍራሙ ክር ይዝረከረካል» ካለ ባሱ ሰብሰብ ያለ፣ ኃይሉ ከመጠን ያላለፈ ይፈልግ። «ጆሮ ይበሳል» ካለ ወደ አልኒኮ ያዘንብል። «ለብቻው ለስልሶ ሲመታ ሕይወት የለውም» ካለ ችግሩ የአንገት በኩል ፒክአፕ ሊሆን ስለሚችል ኃይሉ ዝቅ ያለውን ይመልከት።

ለመነሻ ያህል ጥቂት ስሞች እንጥቀስ፤ ግዙ ማለታችን ግን አይደለም። የካሊፎርኒያው ሲሞር ደንከን ለብሪጅ በኩል «ናዝጉል» የተባለ ባለ ሴራሚክ አለው፤ ሻካራና ኃይለኛ ለሚወድ ነው። «ፔጋሰስ» ደግሞ ባለ አልኒኮ 5 ሲሆን የድምፆቹ መለየት ለሚያሳስበው ይስማማል። ለአንገት በኩል «ሴንቲየንት» አለ። የኒውዮርኩ ዲማርዚዮ ከጆን ፔትሩቺ ጋር ያወጣቸው «ክራንች ላብ» ለብሪጅ፣ «ሊኪፋየር» ለአንገት በኩል ናቸው።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩም አሉ፤ ኢ.ኤም.ጂ 707 እና 81-7 የታወቁት ናቸው። በውስጣቸው ትንሽ ማጉያ ስላለ ጸጥ ያሉና የተስተካከሉ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይኸን ንጽሕና ይወድደዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ነፍስ የለውም» ይላል። ሁለቱም በጆሮአቸው ይተማመኑ። ፊሽማን «ፍሉዌንስ» ብሎ የሚሸጠውም በኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ በሽቦ ጥቅል ፈንታ እንደ ኤሌክትሮኒክ ካርድ የታተመ ሥራ አለው፤ ከአንድ ፒክአፕም ከአንድ በላይ ድምፅ ይሰጣል። የባትሪ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ባለ 9 ቮልት ድንጋይ የሚቀመጥበት ቦታ በጊታሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ። ተጫውቶ ሲያበቃም ገመዱን ይንቀል፤ ገመዱ ከተሰካ ድንጋዩ ሲያልቅ ያድራል። የቮሊዩም መቆጣጠሪያውም አብሮ ይቀየራል፤ ባትሪ ለሌላቸው 500 ኪሎ ኦም፣ ለኢ.ኤም.ጂ ዓይነቱ 25 ኪሎ ኦም ነውና።

ሳይለኩ አይቆረጥም

የባለ ስድስት ክር ፒክአፕ ለባለ ሰባቱ አይሆንም፤ ጠባብ ስለሆነ ዳር ያሉትን ክሮች አይደርስባቸውም። የባለ ሰባት ፒክአፕም ሁሉ አንድ መጠን አይደለም። የቀድሞዎቹ ኢ.ኤም.ጂዎች እንደ ሳሙና በተሸፈነ ትልቅ ሣጥን የሚመጡ ስለሆኑ፣ በተለመደው ሃምበከር ቀዳዳ ለመግጠም እንጨት መፈልፈል ግድ ይሆናል። የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ አይመለስም። በተለመደው መጠን የተሠሩም ስላሉ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ክሩ ይፈታ፣ አሮጌው ፒክአፕ ይውጣ፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ብሎኖቹ በእንጨቱ ላይ ነው ወይስ በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የታሰሩት? ይኸም ይመዝገብ። ፍሬቶቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ጊታሮች ላይ ፒክአፑ ሰያፍ ሆኖ ስለሚቀመጥ ክሮቹ በነጠብጣቦቹ ላይ ላያልፉ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው በነጠብጣብ ፈንታ ዘንግ ያለው ፒክአፕ ይመረጣል።

በራሱ እጅ ሶልደር ለሚያደርግ ወጣት አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል። የሽቦዎቹ ቀለም በየኩባንያው ይለያያል። በሲሞር ደንከን ድምፁን የሚያወጣው ጥቁሩ ሲሆን ቀዩና ነጩ ተገናኝተው ይሸፈናሉ። በዲማርዚዮ ደግሞ ድምፅ የሚያወጣው ቀዩ ነው፤ የሚገናኙት ጥቁሩና ነጩ ናቸው። አረንጓዴውና ራቁቱ ሽቦ በሁለቱም ወደ መሬት ይሄዳሉ። የአንዱን ንድፍ ይዞ የሌላውን መሥራት ሙሉ ቀን ያስለፋል። የተለያዩ ኩባንያዎች ፒክአፖች ተገጥመው ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ፣ ባሱ ጠፍቶ እንደ ጣሳ ከጮኸ ዕቃው አልተበላሸም፤ አንደኛው ተገልብጦ ታስሯል ማለት ነው። የአንዱ ሁለት ጫፎች ቢቀያየሩ ይድናል።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መቀየር ግዴታ አይደለም። ጐርናናውና ወፍራሙ ምት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከብሪጁ በኩል ስለሆነ እርሱ ብቻ ይቀየር። ወጪው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የአንገቱ በኩል ከስድስት ወር በኋላ አሁንም የሚያስፈልግ ከመሰለ ያን ጊዜ ይታሰብበታል፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሲገዛም የመመለሻ ጊዜ ከሚሰጥ ሱቅ ይሁን፤ ሽቦው ከተቆረጠ ግን የሚቀበል የለምና እርግጠኛ ሳይሆኑ መቀስ አይነሣ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ቴስተር ይዞ ይሂድ። ቴስተሩ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ኪሎ ኦም ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ካነበበ ደኅና ነው፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አሮጌው ፒክአፕ ከነብሎኑና ከነምንጩ በካርቶን ታሽጎ ይቀመጥ። ጊታሩ አንድ ቀን ሲሸጥ ገዢው በፋብሪካው ዕቃ ይረካል፤ አዲሱ ፒክአፕም ወጥቶ ወደሚቀጥለው ጊታር ይሻገራል። በዚህ ዓይነት የወጣው ገንዘብ አይጠፋም፤ ባለቤቱን ተከትሎ ይዞራል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህችን ቃል ያዙልን፦ ጥሩ ፒክአፕ ጊታሩና ጣቱ ያላቸውን ይናገራል እንጂ የሌላቸውን አይፈጥርም። ጣቱ የማያርፉ ክሮችን ማፈን ያልተማረ ልጅ፣ ጥራት ያለው ፒክአፕ ሲገጠምለት ስሕተቱ ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል። ለጣት መለማመጃ ደግሞ ዋጋው ጊዜ ብቻ ነው።

በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን መጻፋችሁን አታቋርጡ። እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱልን።